ክፍት መኪናና የሚጠፋው ድምፅ

በጥር ወር የሠርግ ሰሞን ከደሴ ወደ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ የሚተላለፍ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ትርኢት አለ። ከፊት በሚሄደው ፒክአፕ ላይ ካሜራ የያዘ ወጣት ቆሞ ወደ ኋላ ያነሣል፤ ጣራዋ የተከፈተና በአበባ ያጌጠች መኪና ሙሽሮቹን ይዛ ትከተለዋለች፤ ከእርስዋም በስተኋላ የአጃቢው መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ይጎርፋል። እልልታው፣ ጭብጨባው፣ የሚዜዎቹ ዘፈን፣ የመንገደኛው ምርቃት አንድ ላይ ተደባልቆ ይሰማል።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፊልሙ ተሰናድቶ ለቤተ ሰብ ይቀርባል። ሥዕሉ በእውነት ያማረ ነው፤ ሐይቁ ይታያል፣ ተራራው ይታያል፣ የሙሽራዪቱ ቬል በነፋስ ሲውለበለብ ይታያል። ድምፁ ግን የዚያ ቀን ድምፅ አይደለም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከሌላ ቦታ የመጣ አንድ ዘፈን ተለጥፎበታል። እልልታው የት ሄደ? የአያትየው ምርቃት የት ገባ? ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ አጭር ነው፤ «ነፋስ አበላሸው፣ ስለዚህ አጠፋነው» ይባላል።

እኛም ዛሬ ለመናገር የፈለግነው ስለዚሁ ነው። ሥዕልን ለማሳመር የምንደክመውን ያህል ለድምፅ አለመድከማችን የሥራ ጉድለት ብቻ ሳይሆን የማይመለስ ሀብት ማባከን ነው ብለን እናምናለን።

በአገራችን አውቶሞቢልና የድምፅ ቅጂ ታሪካቸው የተያያዘ መሆኑን ብዙ ወጣቶች አያስታውሱትም። ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ የዚያን ዘመን መኪናዎችም አብዛኞቹ ክፍት ነበሩ። በዚያው ዓመት ገደማ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ የመኪና ሙያ እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር ተላኩ፤ እዚያም ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረፁ። ያ ቅጂ በኢትዮጵያ የሙዚቃ ታሪክ ከመጀመሪያዎቹ የሸክላ ቅጂዎች የሚቆጠር ነው። ማይክሮፎን ለሸክላ ሥራ ባልዋለበት በዚያ ዘመን ዘፋኙ አፉን ወደ አንድ ትልቅ መለከት አስጠግቶ፣ ነፋስ በማይገባበት ክፍል ውስጥ ይዘፍን ነበር። መኪናም ድምፅም በእጃቸው የገባላቸው ሰው ሁለቱን በየቦታቸው አዋሉዋቸው፤ በመኪናው ተጓዙ፣ ድምፁን ግን በጸጥታ ቤት ውስጥ አስቀረፁ። የዛሬው ልጅ ካሜራውንም ማይክሮፎኑንም በአንድ ስልክ ውስጥ ስላገኛቸው አንድ ቦታ መቆም ያለባቸው ይመስለዋል።

ድምፅ የሌለው ሥዕል ምን ያህል ጎዶሎ እንደ ሆነ ዓለም በሙሉ የሚያውቀው አንድ ምስክር አለ። ኅዳር 12 ቀን 1956 ዓ.ም. የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ በዳላስ ከተማ በክፍት መኪና ሲጓዙ ተገደሉ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን በዋሽንግተን ከተቀበሉ ሁለት ወር እንኳ አልሞላም ነበር። አብርሃም ዛፕሩደር የተባለ ነጋዴ ከመንገዱ ዳር ሆኖ በስምንት ሚሊሜትር ካሜራ ያነሣው ፊልም 27 ሰከንድ የማይሞላ ነው፤ ሥዕሉ በቀለም ነው፣ ድምፅ ግን የለውም። ስንት ጥይት ተተኰሰ? የሚለው ጥያቄ ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር የኖረበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በ1971 ዓ.ም. የምክር ቤት መርማሪዎች በፖሊስ ሬዲዮ ቅጂ ተመርኩዘው አራት ጥይት ነው አሉ፤ በ1974 ዓ.ም. ደግሞ የሳይንስ ሊቃውንት ያንኑ ቅጂ መርምረው ማስረጃ አይሆንም ብለው አፈረሱት። ሥዕሉ ለመቶ ዓይን ታየ፤ ጆሮ ግን የሚይዘው አጣ።

የሐይቅ ሠርግ የመንግሥት ጉዳይ አይደለም፤ ለቤተ ሰቡ ግን ከዚያ አያንስም። በምርቃት የታወቀ የወሎ ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ የሚናገረው ቃል በዚያ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይባላል። ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶቻችን ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ሁለቱ ስማቸውን ከወሎ አገር ስሞች ጋራ ይጋራሉ። አምባሰልን ለቅኝት ስም የሰጠ አገር፣ በገዛ ሠርጉ ፊልም ላይ የገዛ ድምፁን አጥቶ ሲገኝ ያስገርማል። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የተጻፈ ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። አባቶች በብራና ላይ ያሰፈሩትን ሰባት መቶ ዓመት አቆይተውልናል፤ እኛ ደግሞ ያንድ ቀን ድምፅ ለልጅ ልጅ ማስተላለፍ ሊያቅተን አይገባም።

ታዲያ ነፋስ ድምፅን የሚያበላሸው እንዴት ነው? ማይክሮፎን ማለት በድምፅ ሞገድ የምትንቀጠቀጥ ስስ ቆዳ ያለችው መሣሪያ ናት። ነፋስ በቀጥታ ሲመታት ከሰው ድምፅ ይልቅ እጅግ በበለጠ ኃይል ያንቀጠቅጣታል፤ የምንሰማው «ጉርርር» የሚል ጩኸትም ያ ነው። የመኪናው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የነፋሱ ግፊት እጥፍ ብቻ አይሆንም፣ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ሾፌር ወደ 20 ዝቅ ቢል ነፋሱ በአራት እጅ ይቀንሳል። ለሠርግ ሰልፍ ደግሞ ይኸ ፍጥነት ያምርበታል እንጂ አያስነውረውም።

ሁለተኛው ዘዴ ድምፁን ከካሜራው መለየት ነው። አንዲት ትንሽ የድምፅ መቅጃ፣ ወይም ሌላ ስልክ፣ ከፊት ወንበር ጀርባ ወደ ወለሉ ዝቅ ብላ ብትቀመጥ ነፋሱ ከላይዋ ያልፋል። ብረት እንዳይነካትና የሞተሩን ንዝረት እንዳትቀበል በልብስ ወይም በስፖንጅ ላይ ማሳረፍ ያሻል። በሙሽራው ኮት ገበር ሥር፣ በደረቱ በኩል የምትሰካ ትንሽ ማይክሮፎን ደግሞ የሁለቱን ሙሽሮች ጭውውት ትይዛለች። የስፖንጁ ቆብ ለቤት ውስጥ ይበቃል፤ ለሜዳ ግን በላዩ ጠጉራም ጨርቅ ማልበስ ግድ ነው፤ በጠጉሩ መካከል የሚቀረው የረጋ አየር ነፋሱን ያበርደዋልና። የበግ ለምድ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ቢኖር አይሆንም፤ ቆዳው ድምፁንም አብሮ ይከለክላል።

ሦስተኛው የድምፅ መጠን ነው። መሣሪያው በራሱ ከፍና ዝቅ እንዲያደርግ ከተተወ ነፋሱ ሲመጣ የሰውን ድምፅ ይውጠዋል። በእጅ ተስተካክሎ፣ ከፍ ያለው ድምፅ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲደርስ ማድረግ ይሻላል። እልልታ በድንገት የሚፈነዳ ቀጭንና ብርቱ ድምፅ ነውና ስፍራ ካልተተወለት ተሰባብሮ ይቀራል። ሥዕሉንና ድምፁን በኋላ ለማጋጠም መጀመሪያ ላይ በካሜራው ፊት አንድ ጊዜ ማጨብጨብ ይበቃል፤ ጭብጨባ ደግሞ በሠርግ ቤት አይታጣም።

ስለ ሥዕሉም ጥቂት እንበል። በሐይቁ ዳር ፀሐይዋ ከውሃው ተመልሳ ዓይን ስለምትወጋ፣ በሌንሱ ላይ የሚገጠም ጠቆር ያለ መስታወት ያስፈልጋል። በሰከንድ 25 ሥዕል የሚያነሣ ካሜራ መዝጊያው በሰከንድ አንድ ሃምሳኛ ሲሆን እንቅስቃሴው ለዓይን የተፈጥሮ ይመስላል፤ ብርሃኑ የበዛ እንደ ሆነ መስታወቱ ይረዳዋል። ስልክን ከሞተር ብስክሌት ወይም ከባጃጅ ብረት ጋራ አጥብቆ ማሰርም መልካም አይደለም፤ የአይፎን ስልክ ሠሪ የሆነው አፕል በ2021 እ.ኤ.አ. ብርቱ የሞተር ንዝረት ካሜራውን ሊጐዳ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ክርኑን ወደ ጐኑ አስጠግቶ በሁለት እጁ የያዘ ሰው ከብረት ማሠሪያ ይልቅ ንዝረቱን ያበርዳል። በሚሄድ ፒክአፕ ላይ ሳይታሰሩ መቆም ግን የሕይወት ጉዳይ ነውና ተቀምጦ ማንሣት ይበልጣል።

ከሁሉ የሚበልጠው ዘዴ ግን ገንዘብ የማይጠይቀው ነው። ሐይቁ ዘንድ ሲደረስ መኪናው ይቁም፣ ሞተሩም ይጥፋ። ሚዜዎቹ ዘፈኑን አንድ ጊዜ መሬት ላይ ሆነው ይዝፈኑት፤ ሽማግሌውም ይመርቁ። ያ ድምፅ በኋላ በመኪናው ጉዞ ሥዕል ላይ ቢገባ ማታለል አይደለም፤ ቀኑም የዚያው ቀን፣ ሰዎቹም የዚያው ሠርግ ሰዎች ናቸውና።

አንዳንድ ሰዎች «ሕዝቡ የሚወደው ዘፈኑን ነው፤ የጥሩምባና የጫጫታ ድምፅ ማን ይሰማል?» ሲሉ እንሰማለን። በከፊል እውነት አላቸው፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ጥሩምባ የሚሰማ የለም። ዘፈኑም ይግባ። እኛ የምንለው የዚያ ቀን ድምፅ ሳይመረጥ በሙሉ አይጥፋ ነው። ፊልም አሰናጁ ጥቂት ደቂቃ መርጦ በቦታው ያስገባ፤ የቀረውን ቅጂ ደግሞ ሳያጠፋ ለቤተ ሰቡ ያስረክብ። ሙሽራዪቱ በሃያ ዓመቷ የማትፈልገውን የአያቷን ድምፅ በአርባ ዓመቷ ትፈልገዋለች፤ ያን ጊዜ አያትየዋ ላትኖር ትችላለች። ድስት ከተጣደ በኋላ መጥኖ መደቆስ እንደማይቻል የአገራችን ሴቶች ያውቁታል፤ ድምፅም እንደዚያው ነው፣ በሰዓቱ ካልተያዘ በኋላ አይሠራም።

ነገሩ የሠርግ ቤት ብቻ አይደለም። በየወረዳው የኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት የተመደባችሁ ወጣት ሹማምንት የእርሻ ጉብኝትና የበዓል ሰልፍ ከመኪና ላይ ታነሣላችሁ። ገበሬው ስለ ማሳው ሲናገር ድምፁ ጠፍቶ ሙዚቃ ብቻ የሚሰማበት ዘገባ ስንት ጊዜ አየን! የሚናገር ሰው እየታየ ቃሉ ካልተሰማ ምስክርነቱ ተወስዶበታል ማለት ነው። ተማሪዎችም ብትሆኑ በዕረፍት ወደ አገራችሁ ስትወርዱ ስልካችሁን ይዛችሁ ትወርዳላችሁ።

ስለዚህ ወዳጆቻችን ሆይ፣ በሚመጣው ጥር ካሜራ ስታዘጋጁ ድምፁን የሚይዝ አንድ ሰው ለብቻው መድቡ። ጉዞው ከመጀመሩ በፊትም የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ አንድ ደቂቃ ይሞክር። ነፋስ ከሰማ ቦታውን ይለውጥ፤ ሙሽሮቹ ጥቂት ደቂቃ ቢጠብቁ ሠርጉ አይቀርም።