እድፍ የተባለው ቀለም

ከጥቂት ሳምንታት በፊት በአዲስ አበባ መኪና በማስዋብ ሥራ የሚተዳደር አንድ ሰው፣ በፊቱ የቆመውን አረንጓዴ ቮልስ ኮምፓውንድ በሚሉት አሸዋማ ቅባት ሲያሽ ቆይቶ፣ በእጁ የያዘውን ነጭ ጨርቅ ለመኪናው ባለቤትና በዙሪያው ለቆምነው ሰዎች ዘርግቶ እያሳየ፣ «ተመልከቱ፤ ይህን ሁሉ ዘመን ተሸክሞት የኖረው እድፍ ይኸውላችሁ» አለ። ጨርቁ አረንጓዴ ነበር። ባለቤቱ ደስ ብሎት ራሱን ነቀነቀ፤ የቀሩትም አደነቁ፤ እድፍ አረንጓዴ የሚሆነው ከየት መጥቶ እንደ ሆነ ግን የጠየቀ አልነበረም። የአዲስ አበባ አቧራ ቡናማ፣ ጢሷም ጥቁር ነው፤ አረንጓዴ አፈር በከተማይቱ ውስጥ የለም። ያ ሰው በድል አድራጊነት አንሥቶ ያሳየን ነገር የመኪናው የገዛ ቀለም ነበር።

ይህንኑ በዚያው ስፍራ ብነግረው የሰጠኝ መልስ አጭር ነው፤ «ጋሼ፣ አሮጌ መኪና ኃይለኛ መድኃኒት ነው የሚፈልገው» አለኝ። ብዕሬን እንዳነሣ ያስገደደኝ ይህ አንድ ቃል ነው፤ ቃሉ የእርሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰምቼ ባለፍሁ ነበር፤ ነገር ግን በየላቫጆው፣ በየጋራዡ፣ የመኪና ማጽጃ በሚሸጥበት መደብር ሁሉ እንደ ቀኖና ሲደጋገም የምንሰማው፣ ማንም መርምሮት የማያውቅ፣ የአባቶቻችንን ዘመን ተሽከርካሪዎች ግን በየዕለቱ እየላጠ ለጥፋት የሚያበቃ የስሕተት ትምህርት ነው።

ነገሩ ከሥሩ ይታይ። በዛሬው ጊዜ ከፋብሪካ የሚወጣ መኪና አካሉ የሚሸፈነው በድርብ ነው፤ ከታች ቀለሙ ይቀባል፣ ከቀለሙም በላይ ምንም ኅብር የሌለው ጥርት ያለ ልባስ ይደረብበታል፤ የፀሐዩን ግለት፣ የዝናቡን ምት፣ የአጣቢውንም እጅ የሚቀበለው ይህ የላይኛው ልባስ ስለ ሆነ፣ ኮምፓውንድ ቢነካው የሚፋቀው ልባሱ እንጂ ቀለሙ አይደለም፤ ጨርቁም ቀለም አይይዝም። ይህ አሠራር በዓለም ፋብሪካዎች ዘንድ በሰፊው የተለመደው ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የተሠራው ተሽከርካሪ፣ የጀርመን ፋብሪካዎች በ1978 እ.ኤ.አ. መሥራታቸውን ያቆሙት የተለመደው ቮልስ፣ ፊያት 600፣ ፔጆ 404፣ እነዚህን የመሰሉትም ሁሉ፣ በአብዛኛው የለበሱት ነጠላ ልብስ ነው፤ ቀለሙ ራሱ ኅብርም ነው፣ ጋሻም ነው፤ ከእርሱ በላይ የሚከላከልለት፣ ከእርሱም በታች ከመሠረቱ ቅብና ከብረቱ በቀር የሚጠብቀው ሌላ ነገር የለም። ውፍረቱም ሲለካ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው።

ይህን የመሰለ ቀለም ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2400 ሜትር ከፍ ባለች ከተማ፣ የፀሐይ ጨረር በሚበረታበት አየር፣ ሠላሳና አርባ ዓመት ደጅ ውሎ ደጅ ሲያድር የላይኛው ገጹ ወዙን ያጣል፣ ይደርቃል፣ በመጨረሻም ዱቄት ያወጣል። ይህን የሞተ ገጽ በልዝብ ፖሊሽ፣ በእጅ፣ በጥቂት በጥቂቱ ማንሣት የሚገባበት ጊዜ አለ። ያ ሰውና ባልንጀሮቹ ግን የሚያደርጉት ይህን አይደለም። እነርሱ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ማሸት አለብን ይላሉ፤ ጥፋታቸውም ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ የሞተው ገጽ አልቆ ከሥሩ የሚወጣው ሕያው ቀለም እንኳ ጨርቅን ማቅለሙን አይተውምና፣ በነጠላ ቀለም ላይ ጨርቁ ነጭ ሆኖ የሚወጣበት ቀን ቀለሙ አልቆ ብረቱ የተገለጠበት ቀን ብቻ ነው። ሠራተኛው በትጋቱ መጠን ያጠፋል፤ ታማኝ የሆነው፣ ላቡን የማይሰስተው፣ ከሁሉ ይልቅ ያጠፋል።

በዚህ ላይ ደግሞ ማሽን መጣ። በደቂቃ ከሺህ ጊዜ በላይ የሚሽከረከር ማሽን፣ በጠፍጣፋ ስፍራ ላይ ለታሰበ ሥራ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ሁለንተናው ጉብታና ጠርዝ በሆነው በቮልስ አካል ላይ ይጫናል። ቀለም በጠርዝ ላይ እንደሚሳሳ፣ በኮፈኑ መካከል ባለው ሸንተረርና በፓራፋንጎው ከንፈር ላይ ከሌላው ስፍራ ይልቅ ስስ እንደ ሆነ የቀለም ሥራ የተማረ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ማሽኑም መጀመሪያ የሚበላው እዚያ ነው። ግራጫው ፕራይመር ብቅ ሲል ደግሞ የመኪናው ጌታ «ዕድሜው ነው፤ መቀባት አለበት» ተብሎ ይመከራል፤ እንግዲህ የላጠው እጅ ለቅቡ ዋጋ ይጠይቃል ማለት ነው። ፊት በስቱኮ ይሞላል፤ ላዩ በአዲስ ቀለም ይሸፈናል፤ ከፋብሪካው ተቀብቶ የመጣው የመጀመሪያው ቀለም ግን በምንም ዋጋ ተመልሶ አይገኝም፤ እርሱ በአንድ መኪና ላይ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሆን ነውና። በአንዲት ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የተሣለውን የቅዱስ ሥዕል አንድ ሰው «ጥቀርሻውን ላንሣ» ብሎ በአሸዋ ቢፈትገውና የቅዱሱ መልክ በጨርቁ ላይ ቢቀር፣ ያንን ጨርቅ አንሥቶ የንጽሕና ምስክር ነው ብሎ ቢያሳየን ምእመናኑ እንዴት ይቈጡ ነበር! ስለ መኪናው ሲሆን ግን እናደንቃለን፤ ገንዘብም እንከፍላለን።

ከሁሉ የሚያስቈጨኝ፣ በዚያ ሰው እጅ የነበረው ጨርቅ እውነቱን ይመሰክርለት የነበረ መሆኑ ነው። በዚህ ጥበብ የበሰሉ ሰዎች አንድን የጥንት መኪና ገና ሲረከቡ፣ ዐይን በማይደርስበት ስፍራ፣ በበሩ የውስጥ ጠርዝ ወይም በኮፈኑ ሥር፣ በነጭ ጨርቅ ጥቂት ልዝብ ፖሊሽ አድርገው ያሻሉ፤ ጨርቁ ቀለም ከያዘ ነጠላ ነው፣ ካልያዘ ልባስ አለበት ይላሉ፤ ሥራቸውንም የሚመርጡት፣ ዕቃቸውንም የሚያዘጋጁት ከዚህ ፈተና በኋላ ነው። ስለዚህ አረንጓዴው ጨርቅ «ይህ ቀለም ነጠላ ነው፤ እጅህን ሰብስብ» የሚል ማስጠንቀቂያ ነበር፤ እርሱ ግን «ግፋ፤ ጨምር» የሚል አድርጎ ተረጐመው። ማስረጃውን በእጁ ይዞ በተቃራኒው የሚያነብ ሰው ዕውቀት ጐድሎት ብቻ አይደለም፤ ለመማር ፈቃድ የለውም።

ይኸው «ኃይለኛ መድኃኒት» የሚለው እምነት በቀለሙ ብቻ አያበቃም። ለልብስ የተሠራ ዱቄት ሳሙና፣ በጠባዩ አልካሊነት የሚበዛበት፣ በባልዲ ተበጥብጦ የቮልሱን ገላ ሲታጠብበት የቀረውን ሰም ሁሉ ያነሣል፤ በጎንና ጎኑ የተዘረጋውን የአሉሚኒየም ጌጥ ያደበዝዛል። ነጭ ጋዝና ናፍጣ ደግሞ ቅባት ለማንሣትና ብረት ለማብራት እየተባለ ከላይም ከታችም ይረጫል፤ ጎማ የነዳጅ ዘይት ሲጠጣ የሚያብጥና የሚልም መሆኑን፣ የበሩ ማሸጊያ ጎማ፣ ከዚያም እጅግ የሚያስፈራው የፍሬኑ ጎማ ቱቦ በዚያው ርጭት ሥር እንደሚገኝ የሚያስብ የለም። በላቫጆና በግራሶው ቤት የውኃው ግፊት በኋለኛው ኮፈን ላይ ሲለቀቅ፣ ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ ስለ ሆነ አየር እንዲገባበት የተተዉት የክዳኑ ስንጥቆች ውኃውን ቀጥታ ወደ ኤሌክትሪኩ ክፍል ያስገቡታል፤ በፓራፋንጎውና በአካሉ መካከል በተጋደመው ጎማ ሥር የገባው ውኃም እዚያው ተቀምጦ ብረቱን በዝገት ይበላዋል። በውስጥ ደግሞ ሲልከን የበዛበት ማብሪያ ዳሽቦርዱንና ጎማውን ሁሉ ያለብሰዋል፤ ያ ሲልከን በነፋስና በእጅ ወደ ቀለሙ ከተሻገረ በኋላ መኪናው አንድ ቀን መቀባት ቢኖርበት፣ አዲሱ ቀለም አልይዝ ብሎ ክብ ክብ ቀዳዳ እያወጣ ቀቢውን ያስቸግራል።

አሁን ደግሞ ከተማውን ሁሉ የያዘው ሴራሚክ የሚሉት ነው። በሲሊካ ላይ ከተመሠረተ ፈሳሽ የሚሠራ፣ ሲደርቅ ቀለሙን አጥብቆ የሚይዝ፣ በውኃና በሻምፑ የማይለቅ ልባስ ነው፤ ጥርት ያለ ልባስ ባለው አዲስ መኪና ላይ ቢደረግ ጠብ የለኝም። በነጠላ ቀለም ላይ ግን ሴራሚኩ ከመቀባቱ በፊት ገጹ እንከን አልባ መሆን አለበት ተብሎ በኮምፓውንድ ይላጣል፤ ኋላም ልባሱ ሲያረጅ ወይም ሲበላሽ ለማንሣት እንደ ገና ይላጣል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ገዝቶ ሁለት ጊዜ መላጥ ነው። ሻጩ ይህን አያወራም፤ የሚያወራው ውኃው በጠብታ ጠብታ ተንከባሎ ስለ መውረዱ ነው፤ ይህ ደግሞ በንጹሕ ሰምም የሚታይ ነገር ነው።

ታዲያ ምን እንጠቀም ለሚሉ፣ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። አልካሊም አሲድም ያልበዛበት፣ ፒኤቹ ወደ 7 የቀረበ የመኪና ሻምፑ፤ አንዱ ለሳሙናው አንዱ ለመለቅለቂያው የሚሆን ሁለት ባልዲ፤ ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ፤ ጥላ ያለበት ስፍራ። ለደረቀ ነጠላ ቀለም ደግሞ፣ አሸዋ የሌለበትና ዘይት የበዛበት ቅባት በእጅ ተቀብቶ፣ ቀለሙ እንዲጠጣው ረጅም ሰዓት ተትቶ፣ ኋላ በቀስታ ይጠረጋል፤ በ1901 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የቤት ዕቃ ማስዋቢያ በመሥራት ሥራውን የጀመረው ሜጓየርስ የተባለ ኩባንያ ቁጥር 7 ብሎ የሰየመውን ቅባት የጥንት መኪና ጠባቂዎች የሚወዱት ስለዚህ ነው። ከዚያ በላይ ሰም። ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኘው ካርናውባ የተባለው ሰም፣ የንብ ሰም በ62 ዲግሪ ገደማ መቅለጥ ሲጀምር እርሱ ከ80 ዲግሪ በላይ ድረስ የሚጸና በመሆኑ ለፀሐያችን የተገባ ነው። በዓመት ጥቂት ጊዜ ቢታደስ ይበቃል።

«ቮልስ እኮ ነው፤ ስንት አለ መሰለህ» የሚሉኝም አሉ። እርግጥ ነው፣ በሜክሲኮ በፑኤብላ የመጨረሻው እስከ ወጣበት እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልስ ተሠርቷል። ነገር ግን ይህ ቍጥር ለአዲስ አበባ ባለ መኪና ምን ይፈይድለታል? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በዕድሜ በገፉ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጥሏል፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በግቢያችን የቆመው ቮልስ የቀረን እርሱ ነው፤ ከውጭ ሌላ አይመጣም። ከፋብሪካ ቀለሙ ጋር የቆየውማ በቍጥር የሚታወቅ ነው፤ በየሳምንቱም አንዱ በማሽን ሥር ይገባል።

አስመጪዎችና ሻጮች ሆይ፣ ኮምፓውንድ በያዘው ጠርሙስ ላይ፣ ገዢውም ሠራተኛውም በሚያነበው ቋንቋ፣ በአማርኛ፣ ነጠላ ቀለም ላይ እንዳይደረግ የሚል ጽሑፍ ለጥፉ፤ የምትሸጡትን ሳታውቁ «ለሁሉም ይሆናል» ማለታችሁንም ተዉ። የመኪና ጌቶችም፣ ቁልፋችሁን ከመስጠታችሁ በፊት ምን እንደሚቀባ፣ ቀለሙ ነጠላ ይሁን ድርብ ተፈትኖ እንደ ሆነ ጠይቁ፤ መልስ ካላገኛችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ሳይፈትን ሳይጠይቅ በነጠላ ቀለም ላይ ኮምፓውንድና ማሽን ይዞ የተነሣ ሰው የሰው ንብረት አጥፊ ነው፤ ያጠፋውንም ሊከፍል ይገባዋል።