ሞተር ሻጩ ተፎካካሪ

እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ሆንዳ ከፎርሙላ ዋን በቃኝ ሲል፣ እንግሊዝ ብራክሊ ያለው ወርክሾፕ የቀጣዩን ዓመት መኪና እየሠራ ነበር። የዓለም ኢኮኖሚ ተናግቷል፣ የመኪና ገበያ ቀዝቅዟል፣ ጃፓን ያለው ቦርድ ወሰነ፤ አለቀ። የቡድኑ ኃላፊ ሮስ ብራውን ቡድኑን በ1 ፓውንድ ገዙት። ደመወዝ የሚከፈልበት ገንዘብ ስላልነበር ከ200 በላይ ሠራተኛ ተቀነሰ። ሞተርም የለም። መርሴዲስ ሊሸጥላቸው ተስማማ፤ መኪናው ግን ሲነደፍ የታሰበው ለሆንዳ ሞተር ነበር። የመርሴዲሱ እንዲገጥም የሻንሲውን የኋላ ጫፍ መቁረጥ ግድ ሆነ። ያ ተቆርጦ የተቀጠለ መኪና መጋቢት 2009 ሜልበርን ላይ አንደኛና ሁለተኛ ወጣ። ጄንሰን በተን ከመጀመሪያዎቹ ሰባት ውድድሮች ስድስቱን አሸነፈ፤ ዓመቱ ሲያልቅ የአሽከርካሪዎቹም የቡድኖቹም ዋንጫ ብራክሊ ገባ።

ይህን የማነሳው ፎርሙላ ዋን በአሁኑ ጊዜ የመኪና ፋብሪካዎችን እጁን ዘርግቶ እየተቀበለ ስለሆነ ነው። በ2026 ሥራ ላይ በዋለው አዲስ የሞተር ደንብ ኦዲ ሳውበርን ጠቅልሎ ገዝቶ ገብቷል። ሆንዳ ከአስተን ማርቲን ጋር ተመልሷል። ፎርድ ከሬድ ቡል ጋር ተጣምሯል። ጄኔራል ሞተርስ በካዲላክ ስም አስራ አንደኛውን ቡድን አቋቁሟል። የኃይሉ ግማሽ ያህል ከኤሌክትሪክ፣ ነዳጁም ከድፍድፍ ዘይት ያልተቀዳ መሆኑ ፋብሪካዎቹን ስቧቸዋል። አዘጋጆቹ ደስ ቢላቸው አይገርምም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን በዚህ ሁሉ ድግስ መሀል ሞተር ገዝተው የሚወዳደሩት ቡድኖች ነገር ነው።

የፋብሪካዎቹን መዝገብ እንየው። ሆንዳ በ1992 ወጣ፣ ተመልሶ በ2008 ወጣ፣ እንደገና ተመልሶ በ2020 ልወጣ ነው አለ፤ ይኸው አሁን አለ። ቶዮታ ከ2002 እስከ 2009 ገንዘቡን አፍስሶ አንድም ውድድር ሳያሸንፍ ሄደ። ፎርድ የጃጓርን ቡድን በ2004 ለሬድ ቡል በስም ብቻ በሆነ ዋጋ አስረከበ። ሬኖ ደግሞ በ2025 ማብቂያ የሞተር ሥራውን ዘጋ፤ የገዛ ቡድኑ አልፒን ዛሬ የሚሮጠው በመርሴዲስ ሞተር ነው። በዚህ ፋብሪካዎቹን አልወቅስም። ሥራቸው መኪና መሸጥ ነው፤ ውድድሩ ለሽያጭ ካልረዳ ባለአክሲዮኑ ይጠይቃል።

ወርክሾፖቹ ግን አሉ። የዛሬው የመርሴዲስ ቡድን ዘሩ ሲቆጠር የሚደርሰው ኬን ቲረል ዘንድ ነው፤ በ1970 የመጀመሪያ መኪናቸውን በእንጨት መጋዘናቸው ግቢ ባለ ዳስ ውስጥ ያሠሩት የእንጨት ነጋዴ። ሬድ ቡል የጃኪ ስቴዋርት ቡድን ነበር። አስተን ማርቲን ሲልቨርስቶን በር ላይ ኤዲ ጆርዳን የተከለው ነው። ኦዲም ቢሆን የገዛው ፒተር ሳውበር ስዊዘርላንድ ውስጥ ያቆመውን ቤት ነው። ፋብሪካ ሲመጣ የሚገዛው፣ ሲሄድም ጥሎት የሚሄደው ይህንኑ ነው።

ሰር ፍራንክ ዊሊያምስ ይህን ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። በ2005 ሞተር አቅራቢያቸው ቢኤምደብሊው ቡድኑን ሽጡልኝ ሲላቸው እምቢ አሉ። ቢኤምደብሊው ሳውበርን ገዝቶ ሞከረ፣ በ2009 ለቆ ሄደ። ዊሊያምስ ዛሬም ይወዳደራል። ዋጋውን ግን ከፍሏል፤ ከ2004 ወዲህ ያሸነፈው በ2012 ባርሴሎና ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በ2020ም ቤተሰቡ ቡድኑን ዶሪልተን ካፒታል ለተባለ የአሜሪካ ባለሀብት ድርጅት ሸጧል። ዘጠኝ የቡድን ሻምፒዮና ያለው ቤት እንዲህ ሲሆን ማየት ያማል።

የነፃ ቡድን ሕይወት ያለው ሞተሩ ላይ ነው። በ1967 ፎርድ 100,000 ፓውንድ ከፍሎ ኮስዎርዝ የተባለ ትንሽ የእንግሊዝ ድርጅት ዲኤፍቪ የተሰኘውን ቪ8 ሞተር ሠራ። ጂም ክላርክ ዛንድቮርት ላይ በመጀመሪያ ውድድሩ አሸነፈበት። ከዓመት በኋላ ለሌሎችም መሸጥ ተጀመረ፤ 7,500 ፓውንድ ያለው ሁሉ ከሻምፒዮኑ ጋር አንድ ዓይነት ሞተር ይገዛ ነበር። ከ1968 እስከ 1974 ሰባት ተከታታይ የአሽከርካሪ ዋንጫዎች በዚህ ሞተር ተወሰዱ። ቲረል፣ ማክላረን፣ ዊሊያምስ የቆሙት በእሱ ነው። ዋናው ነገር ደግሞ ኮስዎርዝ ራሱ መኪና ይዞ አይወዳደርም ነበር።

ዛሬ ሻጩ ተወዳዳሪ ነው። ከአስራ አንዱ ቡድኖች አራቱ የሚሮጡት በመርሴዲስ ሞተር ነው፤ አንዱ መርሴዲስ ራሱ ነው። በ2015 ሬድ ቡል ከሞተር አቅራቢው ከሬኖ ጋር ሲጣላ መርሴዲስ ሞተር አልሰጥም አለው፤ አራት የዓለም ዋንጫ የወሰደ ቡድን ከውድድር ሊወጣ ጫፍ ደረሰ። መጨረሻ ላይ ያንኑ የሬኖ ሞተር የሰዓት ድርጅት ስም ለጥፎበት ሮጠ። ያ ውርደት ሬድ ቡል በኋላ የራሱን የሞተር ፋብሪካ ለማቋቋሙ አንድ ምክንያት ይመስለኛል። እንደ ሃስና ዊሊያምስ ያሉ ሞተር ገዢ ቡድኖች ይህን የማድረግ አቅም የላቸውም።

ማክላረን በ2024ና በ2025 በመርሴዲስ ሞተር መርሴዲስን ራሱን አሸንፎ የቡድኖችን ዋንጫ አልወሰደም ወይ የሚል ይኖራል። ወስዷል፤ ልቤን የሞላው ድልም ነበር። ግን ያ ድል የመጣው በደንብ ጉልበት ነው። የቡድኖች ዓመታዊ የወጪ ጣሪያ በ2021 በ145 ሚሊዮን ዶላር ተጀመረ። ከዚያ በፊት በ2018 የውድድሩ ደንብ አውጪ ኤፍአይኤ ለደንበኛ የሚሸጠው ሞተር ከሻጩ ጋር ሶፍትዌሩ ሳይቀር አንድ መሆን አለበት አለ። ሞተሩም አሥር ዓመት ተሠርቶበት ሁሉም ለምዶታል።

አዲስ ሞተር ሲመጣ ግን ሌላ ነው። 2014ን እናስታውስ። መርሴዲስ ከ19 ውድድሮች 16ቱን አሸነፈ። ያንኑ ሞተር የገዙት ዊሊያምስ፣ ማክላረንና ፎርስ ኢንዲያ አንድም አላሸነፉም። ፋብሪካው ሞተሩንና መኪናውን አንድ ላይ ይነድፋል፤ ማቀዝቀዣው የት እንደሚቀመጥ፣ ካምቢዮው ምን ያህል እንደሚጠብ ከማንም ቀድሞ ያውቃል። ደንበኛው ሥዕሉ ሲደርሰው ነው የሚጀምረው። 2026ም አዲስ ሞተር ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ሞተር ሻጭ የሞተሩን ሙሉ ሥዕልና መለኪያ ለራሱ መሐንዲሶች በሰጠበት ቀን ለደንበኞቹም እንዲሰጥ ደንቡ በቀን ወስኖ ያስገድድ። ሁለተኛ፣ የሚገባ ፋብሪካ ሁሉ ዋስትና ያስይዝ፤ ከገባው ጊዜ በፊት ከወጣ ገንዘቡ የተወውን ቡድንና ሠራተኛ ያቆይ። 1 ፓውንድ ዕጣ ፈንታ መሆን የለበትም።

የኤፍአይኤው ፕሬዚዳንት ሞሐመድ ቤን ሱላየም በ2025 ወደ ቀላልና ርካሽ ቪ8 ሞተር ስለመመለስ በይፋ ተናግረዋል። ድምፁ ደስ ስለሚል የደገፉት ብዙ ናቸው። እኔ የምደግፈው ቀላል ሞተርን እንደ ኮስዎርዝ ያለ፣ የራሱ ቡድን የሌለው ድርጅት ሠርቶ ለፈለገ ሊሸጠው ስለሚችል ነው። ይህ የሚወሰነው ግን ሞተር ሠሪዎቹ ድምፅ በሚሰጡበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ዊሊያምስ እዚያ ድምፅ የለውም። ሃስም የለውም። ኤፍአይኤ ስለ ሞተሩ ዓይነት መነጋገር ከመቀጠሉ በፊት ለገዢዎቹ ቡድኖች እዚያ ጠረጴዛ ላይ ወንበርና ድምፅ ይስጥ።