ስለ ተሰወረ ደዌና ስለ ባልና ሚስት ምርመራ

ሰው ስለ ከብቱ ቍጥርና ስለ መሬቱ ስፋት ሲጠየቅ፥ ግብር ፈርቶ ጥቂት ያሳንስ እንደ ኾነ ነው እንጂ ፈጽሞ አይዋሽም። ስለ መኝታው ነገር ሲጠየቅ ግን አንዱ ይቈጣል፤ አንዱ ይስቃል፤ አንዱም ያላደረገውን ጨምሮ ይናገራል። ስለዚህ ሊቃውንት በሩካቤ ምክንያት ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፉትን ደዌዎች ለመመርመር በተነሡ ጊዜ፥ ከደዌው ይልቅ የሰው ምላስ አስቸገራቸው። ተሐዋሲውን በማጉያ መነጽር ማየት ይቻላል፤ በሰው ልብ ያለውን የሚያሳይ መነጽር ግን እስካኹን አልተሠራም።

ይህን ጕዳይ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ማንሣት ነውር የሚመስላቸው አንባቢዎች እንዳሉ እናውቃለን። ነገር ግን ደዌው ራሱ የሚገባው በቤተ ሰብ መካከል ስለ ኾነ፥ ከዚህ የሚሻል ስፍራ አላገኘንለትም።

በዚህ ነገር ከደከሙት ኹሉ የእንግሊዝ አገር መርማሪዎች የሠሩት ሥራ ሊነገር የሚገባው ነው። (የዚህን ምርምር ዓመታት የምንቈጥረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።) ከእነርሱ አስቀድሞ አሜሪካዊው አልፍሬድ ኪንዚ በ1948 ስለ ወንዶች፥ በ1953 ስለ ሴቶች ኹለት ታላላቅ መጻሕፍት አሳትሞ ነበር። ኾኖም የጠየቃቸው ሰዎች በዕጣ የተመረጡ ስላልነበሩ የቍጥር ዐዋቂዎች ነቀፉት፤ ልናገር ብሎ በፈቃዱ የመጣ ሰው፥ ዝም ብሎ በቤቱ የተቀመጠውን ሰው ሊወክል አይችልምና።

በ1980ዎቹ ዓመታት ኤድስ በተነሣ ጊዜ መንግሥታት ኹሉ ደዌው ወደ ስንት ሰው ሊደርስ እንደሚችል ሊቃውንቱን ጠየቁ። ሊቃውንቱም የሕዝቡን ጠባይ ሳያውቁ ሒሳቡን መሥራት እንደማይችሉ መለሱ። ስለዚህ በብሪታንያ ታላቅ ጥያቄ እንዲደረግ ከተሰናዳ በኋላ፥ በ1989 የጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር መንግሥት ገንዘቡን ከለከለ። የሰውን ጓዳ መመርመር የመንግሥት ሥራ አይደለም የሚለው ሐሳብ ብዙ ደጋፊ ነበረው፤ በእኛም አገር ቢኾን ብዙ ደጋፊ ያገኝ ነበር ብለን እናስባለን። በዚህ ጊዜ ዌልካም ትረስት የሚባለው ድርጅት ወጪውን ስለ ቻለ፥ በ1990ና በ1991 ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 59 ዓመት የኾነ 18,876 ሰዎች ተጠየቁ።

የጠየቁበት ብልኀት ከቍጥሩ ይልቅ ያስደንቃል። ቤቶቹ የሚመረጡት በዕጣ ነው፤ ከአንድ ቤትም የሚጠየቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ለማውጣት የሚያሳፍር ጥያቄ በመጣ ጊዜ ለተጠያቂው መልሶቹ በየፊደላቸው የተጻፉበት ካርድ ይሰጠዋል፤ እርሱም ነገሩን በአፉ ሳያወጣ ፊደሉን ብቻ ይናገራል። ከዚህ የበለጠ ምስጢር የኾነውን ደግሞ በትንሽ ደብተር ላይ በገዛ እጁ ጽፎ በፖስታ ያሽገዋል። ከ1999 እስከ 2001 በተደረገው በኹለተኛው ጥያቄ፥ ከ2010 እስከ 2012 በተደረገው በሦስተኛውም ደብተሩ ቀርቶ ኮምፒዩተር ተተካ፤ ተጠያቂው መልሱን ራሱ ይጽፍበታል፥ ጠያቂውም አያየውም። የሰውን ክብር ጠብቆ የጠየቀ ሰው ብዙ እውነት እንደሚያገኝ ከዚህ ይታወቃል። ዳኝነት በያዝንበት ወንበርም ይህ ቢታሰብ መልካም ነበር።

ኾኖም ይህ ኹሉ ጥንቃቄ ተደርጎ ሳለ አንድ የሚያስቅ ነገር ተገኘ። አንድ ወንድ ከአንዲት ሴት ጋራ በተገናኘ ጊዜ በወንዱም በሴቲቱም መዝገብ አንድ መጻፍ ስለሚገባው፥ የአገሩ ወንዶችና ሴቶች ድምር ሊቀራረብ ይገባ ነበር። በሦስተኛው ጥያቄ ግን ወንዶቹ በሕይወታቸው ዘመን በአማካይ 14 ሴቶችን እንዳወቁ ሲናገሩ፥ ሴቶቹ 7 ወንዶችን ብቻ አሉ። በ2018 የታተመው ምርመራ ምክንያቱን ለየ። ጥቂት ወንዶች እጅግ ታላቅ ቍጥር ተናግረው አማካዩን አንሥተውታል። ደግሞም ሴቶች አንድ በአንድ አስታውሰው ሲቈጥሩ፥ ብዙ ወንዶች በግምት ይናገራሉ። ስለ ነውርና ስለ ክብር ያላቸው አስተያየትም ይለያያል። ይህ ኹሉ በሒሳብ ከተስተካከለ በኋላ የሰባቱ ልዩነት ከሦስት በታች ወረደ። የቀረውን ልዩነት አንባቢ እንደ ፈቀደ ይተርጕመው።

ምላስ በዚህ መጠን የሚታማ ከኾነ ሌላ ምስክር ያስፈልጋል። ስለዚህ ከኹለተኛው ጥያቄ ጀምሮ መርማሪዎቹ ከብዙዎቹ ሰዎች ሽንት ተቀብለው መረመሩ፤ ሽንት አያፍርምና። በሦስተኛው ጥያቄ ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 44 ዓመት ከኾኑት መካከል ክላሚዲያ የሚባለው ደዌ ከመቶ ሴቶች በ1.5፥ ከመቶ ወንዶች በ1.1 ተገኘ። የማሕፀን በር ነቀርሳን ሊያስከትሉ ከሚችሉት ተሐዋስያን አንዱ ደግሞ ከመቶ ሴቶች በ15.9 ላይ ታየ። ለዚህ ለኋለኛው ክትባት ስላለው፥ በአገራችንም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች ስለሚሰጥ፥ ሴት ልጅ ያለችው አባት ኹሉ ሊጠይቅበት ይገባል።

በኢትዮጵያም እንዲህ ያለ ሥራ ተሠርቷል። በ1997 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ጠያቂዎች በየቤቱ ሄደው ስለ ጋብቻና ስለ ሩካቤ ከጠየቁ በኋላ፥ ከፈቀደው ሰው ጣት ጥቂት ደም ያለ ስም ወስደው መረመሩ። የኤድስ ተሐዋሲ የተገኘባቸው ከመቶ 1.4 ኾኑ። ከዚያ አስቀድሞ ግምቱ የሚሠራው ወደ ጤና ተቋም ከመጡ ነፍሰ ጡሮች ደም ስለ ነበረ ቍጥሩ ከፍ ይል ነበር፤ በየከተማውና በየመንገዱ ዳር ያለው ሰው በገጠር ካለው ሰው ይልቅ ተመዝኖ ነበርና። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከመቶ 0.9 ተገኘ፤ ከሴቶች 1.2፥ ከወንዶች 0.6 ማለት ነው።

አኹን ወደ ዋናው ነገራችን እንመለስ። በአገራችን በሽታውን የደበቀ መድኀኒት የለውም ይባላል። ምሳሌው እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚናገረው በሽታውን ዐውቆ ስለሚደብቅ ሰው ነው። ክላሚዲያ ያለባቸው አብዛኞቹ ሴቶች፥ ከወንዶችም ብዙዎቹ፥ ሕመም ስለማይሰማቸው የሚደብቁት ነገር እንዳለ እንኳ አያውቁም። ደዌው ቀስ ብሎ ከማሕፀን በር ወደ ማሕፀን፥ ከማሕፀንም እንቍላል ወደሚተላለፍባቸው ቀጫጭን ቧንቧዎች ይወጣል። በዚያም ያቈስላል፤ ቍስሉ ሲድን ጠባሳው ቧንቧውን ይዘጋዋል። ከዚህ በኋላ ሴቲቱ አትፀንስም፤ ወይም ፅንሱ ከማሕፀን ውጭ ይቀርና ሕይወቷን ያሰጋታል።

እንግዲህ በብዙ ቤት የሚኾነውን እናስብ። ባልየው ከጋብቻው በፊት ወይም በመንገድ በሰነበተበት ጊዜ ደዌውን ይዞ ይመጣል፤ ራሱም አያውቀውም። ሚስቲቱ ታማኝ ኾና በቤቷ ሳለች ትወስደዋለች። ሦስት ዓመት፥ አምስት ዓመት ያለ ልጅ ያልፋል። ዘመድ ይሰበሰብና መካን ናት ይላል፤ በየጠበሉ የምትመላለሰው እርሷ ናት፥ በመጨረሻም ዕቃዋን ይዛ ወደ አባቷ ቤት የምትመለሰው እርሷ ናት። ባልየውም ሌላ ሚስት ያገባል፤ ደዌውንም ይዞላት ይገባል። ልጅ በታጣበት ቤት፥ በሙሉም ኾነ በከፊል ምክንያቱ ከወንዱ በኩል የሚገኝበት ጊዜ ግማሽ ያህል እንደ ኾነ ሐኪሞች ያስረዳሉ። ይህን እያወቁ ሴቲቱን ብቻ ማስመርመር ከድንቍርና አልፎ ግፍ ይኾናል።

በአገራችን በብዙ ጤና ጣቢያዎች የአባለ ዘር ደዌ የሚታከመው በምልክቱ ነው፤ ፈሳሽ ወይም ቍስል ያየ ሰው ይመጣል፥ ለምልክቱ የታዘዘው መድኀኒት ይሰጠዋል። ይህ ሥርዐት መርመሪያ መሣሪያ በሌለበት ስፍራ ብዙ ሰው አድኗል። ምልክት የሌለውን ሰው ግን አያገኘውም፤ ስለዚህ ምልክት ሳይጠብቁ መርምሩን ብሎ የመሄድ ፈንታ የባልና የሚስት ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ለቂጥኝና ለኤድስ ተሐዋሲ ደሟ በሚመረመርበት ቀን ባልየው ከደጅ ቆሞ ሲጠብቅ እናያለን። አብሮ ቢገባ የሚወጣበት ክብር ምንድር ነው? ቂጥኝ ቢገኝ እንኳ በፔኒሲሊን መርፌ ይድናል፤ በጊዜ ካልታከመ ግን ፅንሱ በማሕፀን ሊሞት ይችላል።

ለመጋባት የተጫጩም ከሠርጉ በፊት አብረው ይሂዱ። ሽማግሌዎች ስለ ጥሎሽና ስለ ድግስ ብዙ ሌሊት ይመክራሉ፤ ለዚህ ነገር አንዲት ጧት ብትሰጥ አትበዛም። ክላሚዲያ የተገኘበት ባለ ትዳር መድኀኒቱን ለብቻው ቢወስድ ዋጋ የለውም፤ ካልታከመው ጓደኛው ተመልሶ ይይዘዋልና። ኹለቱም በአንድ ጊዜ ይውሰዱ፤ ሐኪሙ እስኪፈቅድላቸው ድረስም ከመገናኘት ይታቀቡ። ዶክሲሳይክሊን የሚባለው መድኀኒት ታዝዞላቸው እንደ ኾነ ሰባቱን ቀን ይፈጽሙት፤ በሦስተኛው ቀን ደኅና ነኝ ብሎ የተወው ሰው አልዳነም። ከሦስት ወር በኋላም ኹለቱ አብረው ተመልሰው ይመረመራሉ።