የበልግ በረዶ እንግዳ አይደለም

በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ወር ከቀትር በኋላ በፒያሳ የቆመ ሰው፣ የአየሩ ጠባይ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ምን ያህል እንደሚለዋወጥ ሊታዘብ ይችላል። እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ አስፋልቱ ይግላል፤ ሊስትሮው ሣጥኑን ይዞ ጥላ ፍለጋ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ይዛወራል። ስምንት ሰዓት ገደማ በእንጦጦ ራስ ላይ ጥቁር ደመና ይቆለላል፤ ቀዝቃዛ ነፋስ አቧራና የላስቲክ ቁርጥራጭ እየጠረገ ይመጣል፤ ወዲያውም ቆርቆሮው መንኳኳት ይጀምራል። መጀመሪያ ጥቂት ወፍራም ጠብታ፣ ቀጥሎ ዶፍ፣ ከዶፉም ጋር ሽምብራ የሚያህል በረዶ ይወርዳል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አንሥቶ እስከ ማዘጋጃ ቤት ድረስ ያለው መሬት ነጭ ይለብሳል። በየሱቁ ደጃፍ የተጠለለው ሰውም እርስ በርሱ እየተያየ፣ «ይህ ምን ዓይነት ጉድ ነው? ያለ ወቅቱ!» ይላል።

እኔ የምቃወመው ይህን አነጋገር ነው። በረዶው ያለ ወቅቱ አልመጣም። የመጣው በበልግ ነው፤ በልግም ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚዘልቅ፣ ስሙም ሆነ ጠባዩ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ የዝናብ ወቅት ነው። በአዲስ አበባ በዓመት ከሚጥለው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ውስጥ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ስለ ሆነ፣ ለከተማ ሰው ዝናብ ሲባል የሚታየው ክረምት ብቻ ነው። የወሎ፣ የሰሜን ሸዋና የባሌ ገበሬ ግን በልግን እንደ ዋዛ አይመለከተውም፤ በደጋው የሚዘራው የበልግ ገብስ የሚበቅለው በዚሁ ዝናብ ነውና። ለገበሬው በልግ ቢቀር ራብ ነው፤ ለከተሜው በልግ ቢመጣ ጉድ ነው።

የቋንቋ ልማዳችንም ለዚህ ስሕተት አስተዋጽኦ ሳያደርግ አልቀረም። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ጊዜ መጸው፣ ከዚያ እስከ መጋቢት 25 በጋ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ጸደይ፣ ከዚያ እስከ መስከረም 25 ክረምት ይባላል። ብዙ ሰው ግን አደይ አበባ የሚፈነዳበትን መስከረምን «ጸደይ» እያለ ይጠራዋል። የውጭ አገር መጻሕፍት ተርጓሚዎች በበኩላቸው የአውሮፓን የበረዶ ወራት «ክረምት» ስለሚሉ፣ ተማሪው ብርድና በረዶ የክረምት፣ አበባና ፀሐይ የጸደይ ነው ብሎ ይይዛል። ስለዚህም በእውነተኛው ጸደይ በረዶ ሲወርድበት ይደነግጣል። በእርግጥ «በረዶ» የምንለው ቃል ሰፊ ነው፤ ከነጐድጓድ ደመና የሚወርደውን ጠጣር እንክብልም፣ እንደ ባዘቶ ሆኖ የሚረግፈውንም አንድ አድርጎ ይጠራል። በአራዳ የሚወርደው እንክብሉ ነው። ባዘቶ መሰሉን ለማየት የሰሜንን ተራሮች መውጣት ያስፈልጋል። በአዱሊስ ቆሞ የነበረውና ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዓመት የገለበጠው የድንጋይ ጽሑፍ፣ በሰሜን ተራሮች ላይ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ እንደ ነበረ ይናገራል። እንግዲህ በአንደኛውም ሆነ በሌላው መልኩ በረዶ ለአገራችን እንግዳ አይደለም።

የአራዳው በረዶ የሚወርድበት ምክንያትም የተሰወረ አይደለም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ ፀሐይ ሚያዝያ 5 ቀን ገደማ በቀትር ልክ ከአናት በላይ ትሆናለች፤ በዚያን ሰዓት የቆመ ዘንግ ጥላ የለውም ማለት ይቻላል። የጋለው መሬት አየሩን ያሞቀዋል፤ የሞቀውም አየር ወደ ላይ ይነሣል። በዚሁ ወቅት ከሕንድ ውቅያኖስ እርጥብ ነፋስ ይገባል፤ በላይኛው ሰማይ ደግሞ አልፎ አልፎ ከሰሜን ቀዝቃዛ አየር ይዘልቃል። የእንጦጦ ተራራ እርጥቡን አየር ወደ ላይ ሲገፋው ታላቅ የነጐድጓድ ደመና ይሠራል። በደመናው ውስጥ ሽቅብ የሚነፍሰው ኃይለኛ አየር የውሃውን ጠብታ ውሃ ወደሚረጋበት ከፍታ ያወጣዋል፤ የረጋውም እንክብል ሌላ ውሃ እየለበሰ ይወፍርና አየሩ ሊሸከመው ሲያቅተው ይወድቃል። ቆላ ላይ ቢሆን አብዛኛው በመንገድ ቀልጦ ዝናብ ሆኖ ይደርስ ነበር። አራዳ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ከደመናው እስከ ቆርቆሮው ያለው መንገድ አጭር ነው፤ በረዶው ለመቅለጥ ጊዜ አያገኝም።

ይህን የመሰለ የወቅት መሸጋገሪያ በሌላውም ዓለም አስቸጋሪ ነው። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ በመጋቢት ወር ቀዝቃዛውና ሞቃቱ አየር ስለሚጋጩ ዝናቡና በረዶው በአንድ ቀን ተደባልቆ ይወርዳል። በሕንድ አገር በሞራዳባድ አካባቢ በሚያዝያ 1880 ዓ.ም. የወረደው በረዶ ደግሞ 246 ሰዎች ገድሎአል፤ የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ከመዘገባቸው የበረዶ አደጋዎች ሁሉ የከፋው ይኸው ነው። የእኛ እንክብል ሰው አይገድልም። የአራዳ ችግር ከበረዶው በኋላ የሚመጣው ጎርፍ ነው።

ፒያሳ የተቀመጠችው ከፍ ባለ ቦታ ላይ ነው። ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት የሚነሣው የቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ለገሃር ይወርዳል፤ በሌላው በኩል ሰፈሮቹ በራስ መኮንን ድልድይ ሥር ወደሚያልፈው ወንዝ ያዘነብላሉ። በዶፍ ጊዜ ሰባ ደረጃን የወጣ ወይም የወረደ ሰው ውሃ በደረጃ ሲንደረደር ምን እንደሚመስል ያውቃል። ከላይ ያለው ሰው ውሃው ከደጃፉ ሲያልፍለት ተገላገልኩ ይላል፤ ነገር ግን ውሃው አልጠፋም፤ ወደ ታችኛው ጎረቤት ሄደ እንጂ። በገደሉ ሥር ለተቀመጠው ሰፈር «እሪ በከንቱ» የሚል ስም ያወጡለት ሰዎች፣ እንደሚነገረው፣ ያሰቡት ቀማኛ የያዘው መንገደኛ ቢጮኽ የሚሰማው አለመኖሩን ነው። ስሙ ግን ለጎርፉም የሚስማማ ይመስለኛል።

ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የበልግ ዶፍ ከክረምት ዝናብ የተለየ መሆኑ ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ዝናብ እምብዛም ስለማይጥል፣ በጎርፍ መውረጃው ቦይ ውስጥ የበጋው ቆሻሻ ሁሉ ተከማችቶ ይቆያል፤ የላስቲክ ጠርሙስ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የጫት ገረባ፣ ከግንባታ የተራረፈ አሸዋና ጠጠር። የመጀመሪያው ዶፍ ይህን ሁሉ ባንድ ጊዜ ያነሣዋል። በላዩ ላይ በረዶው ይመጣና የቦዩን አፍ ከቅጠሉና ከላስቲኩ ጋር እንደ ሊሾ ይደፍነዋል። ያን ጊዜ ውሃው መንገዱን ትቶ ወደ ሰው ቤት ይገባል። እኛ ግን የቦይ ጠረጋ ዘመቻ የምናስበው ብዙውን ጊዜ ክረምቱ ሲቃረብ፣ በግንቦትና በሰኔ ነው። በመጋቢት የተደፈነውን ቦይ በሰኔ መጥረግ፣ ሌባ ከወጣ በኋላ በር እንደ መዝጋት ነው።

«ለሩብ ሰዓት በረዶ ይህን ያህል መጨነቅ ምን ያስፈልጋል? ያልፋል እኮ!» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ በመስኮት ለሚያይ ሰው ያልፋል። ነገር ግን ለፋሲካ ገበያ ብላ ከሰል፣ ሽንኩርትና እንቁላል በጉልት ዘርግታ ለምትቀመጥ ሴት፣ ያ ሩብ ሰዓት የሳምንት ትርፏ ነው። ሱቅ በደረቴ የሚያዞረው ልጅ ማስቲካውና የወረቀት መሐረቡ ከራሰ የሚሸጥለት የለም። በወንዝ ዳር ለሚኖር ቤተ ሰብ ደግሞ ነገሩ ከትርፍም ያልፋል። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በድሬዳዋ የደረሰው ጎርፍ የሰው ሕይወት ያጠፋው በዚሁ በበልግ ነው።

ሌሎች ደግሞ ችግሩ ተወግዷል ይላሉ። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በዙሪያዋ፣ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ፣ ብዙ አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰው መንገዱ ሰፍቷል፤ የዓድዋ ድል መታሰቢያም በዚያው ዓመት በየካቲት ተመርቋል። በዋናው ጎዳና ላይ የተሠራው ሰፊ የውሃ መውረጃ ከቀድሞው እንደሚሻል አልክድም። ይሁን እንጂ በድንጋይና በአስፋልት የተሸፈነ ሰፊ አደባባይ ውሃ አይጠጣም። የቀድሞዋ አራዳ፣ ጣሊያኖች ገበያውን ወደ መርካቶ ከማዛወራቸው በፊት፣ አፈር ግቢና ዛፍ ነበራት፤ ጭቃው ቢያስመርርም አፈሩ የውሃውን ድርሻ ያስቀር ነበር። አሁን የላይኛው መንገድ ባማረ ቁጥር ውሃው ቶሎ ቶሎ ወደ ታች ይደርሳል፤ በታች ያሉት ጠባብ መተላለፊያዎች ግን ያው የድሮዎቹ ናቸው።

ይህን ለማሻሻል አዲስ ጥበብ አያስፈልግም። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የበልግን ትንበያ በየዓመቱ ከክረምቱ ለይቶ ያወጣል፤ በባለሙያው ዘንድ በልግ ራሱን የቻለ ወቅት ነውና። ቀበሌውም፣ ነጋዴውም፣ ትምህርት ቤቱም የሥራ መርሐ ግብሩን በዚያው ትንበያ ላይ ቢመሠርት የጠረጋው ወር ጥርና የካቲት ይሆናል። የክረምቱ ዘመቻ ይቅር አልልም፤ ሁለተኛ ይሁን ነው የምለው። ባለ ሱቁም ጧት ደጁን ሲጠርግ ጥራጊውን ወደ ቦዩ መግፋቱን ይተው፤ ይህ ልማድ የማንንም በጀት አይጠይቅም።

የወቅቱን መግባት ሳይነገራቸው የሚያውቁ ሰዎች በዚያው በፒያሳ ጎዳና ላይ አሉ። ሱቅ በደረቴ የያዘውን ልጅ በየካቲት መጨረሻ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ተመልከቱት፤ ከዕቃው ሥር አራት ቦታ የታጠፈ ላስቲክ ይዟል።