«ወንጀል ልትማሪ ነው እንዴ አሜሪካ የሄድሽው?»

ነገሩ የተጀመረው በአንድ እሑድ የስልክ ጥሪ ነው። በዲቪ ወጥታ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ፣ እኛ ቤት ቡና እየተፈላ ደውላ ኮሌጅ መግባቷን ነገረችን። እልልታው ሳይበርድ አክስቴ «ምንድን ነው የምትማሪው የኔ ልጅ?» ብላ ጠየቀቻት። «ክሪሚናል ጀስቲስ።» ስልኩ ስፒከር ላይ ስለነበር ሁላችንም ሰማን። ከመካከላችን አንዱ ለመተርጎም ተጣደፈ፤ «የወንጀል ፍትሕ» ሊል ፈልጎ ይመስለኛል፣ ከአፉ የወጣው ግን «ወንጀል» ብቻ ነበር።

«ወንጀል ልትማሪ ነው እንዴ አሜሪካ የሄድሽው?» አለች አክስቴ። አጎቴ ከወዲያ ጥግ «ነርሲንግ ሞልቶ!» ሲል አጉረመረመ።

እውነቱን ለመናገር እኔም በሆዴ ከአጎቴ ጋር ነበርኩ። በየቤታችን ትምህርት ደረጃ አለው። ሐኪም አናት ላይ ነው፤ ቀጥሎ ነርስ፣ ከዚያ ኮምፒውተር፣ ከዚያ አካውንቲንግ። (ጋዜጠኝነት የተማርኩት እኔ ስንተኛ ላይ እንዳለሁ አልነግራችሁም።) ክሪሚናል ጀስቲስ ግን ጭራሽ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ፖሊስና ፍርድ ቤት ከሩቅ አይተው የሚሸሹት እንጂ ደብተር ይዘው የሚማሩት አይመስለንም።

ዛሬ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ተሳስተን የነበረው እኛ ነን። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

መጀመሪያ ስለ ኮሌጁ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አሜሪካኖች የሁለት ዓመት ትምህርት የሚሰጡበት፣ ክፍያው ከዩኒቨርሲቲ በብዙ የሚቀንስ፣ ቀን ሠርቶ ማታ የሚማር ሰው የሚገባበት ቦታ ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1901 ኢሊኖይ ውስጥ ጆሊየት ላይ ተከፈተ። ዛሬ ቨርጂኒያ ያለ ሐበሻ «ኖቫ»፣ ሜሪላንድ ያለው ደግሞ «ሞንትጎመሪ» ሲል የሚያወራው ስለዚሁ ነው። ወደ 60 ክሬዲት ጨርሰህ አሶሺየት ዲግሪ ትይዛለህ፤ ከፈለግህ ወደ አራት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ትሻገራለህ።

ክሪሚናል ጀስቲስ ደግሞ ሦስት ቤቶችን የሚያስጎበኝ ትምህርት ነው፦ ፖሊስ፣ ፍርድ ቤትና ማረሚያ ቤት። በኮሌጆች የተስፋፋውም ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 ፕሬዚዳንት ጆንሰን ያቋቋሙት ኮሚሽን የአሜሪካ ፖሊስ ውሎ አድሮ በዲግሪ ደረጃ መማር አለበት ብሎ መከረ፤ በማግስቱ ዓመት የወጣው ሕግ ደግሞ ለፖሊሶች የትምህርት ወጪ በጀት መደበ። እነዚያ ፖሊሶች ከሥራ መልስ በማታ ደጃቸው ላይ የሚያገኙት ኮሚዩኒቲ ኮሌጁን ነበር።

የአክስቴ ልጅ ከክፍሏ ያመጣችልኝ የመጀመሪያ ወሬ የፑል ቤት ወሬ ነው። ክላረንስ ጌዲዮን የሚባል ድሃ ሰውዬ ፍሎሪዳ ውስጥ ፑል ቤት ሰብረህ ገብተሃል ተብሎ ተከሰሰ። ጠበቃ አቁሙልኝ አለ፤ እምቢ ተባለ። ራሱን ተከራክሮ ተረታና አምስት ዓመት ተፈረደበት። እስር ቤት ሆኖ በእርሳስ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1963 ፍርድ ቤቱ በከባድ ወንጀል የተከሰሰና መክፈል የማይችል ሰው መንግሥት ጠበቃ ሊያቆምለት ይገባል ብሎ ወሰነ። ጌዲዮን በጠበቃ ታግዞ እንደገና ሲዳኝ ነፃ ወጣ። «አየሽ፣ ሰውዬው ያው ሰውዬ ነው። የተጨመረው የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው» አለችኝ።

የኔ ክርክር እዚህች ላይ ነው። የሚያውቅ ሰው።

አሜሪካ ፍርድ ቤት ስንል ፊልም ላይ ያየነው ሙግት ይመጣብናል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2012 እንደጠቀሰው ግን፣ ከፌዴራል የጥፋተኝነት ውሳኔዎች 97 በመቶው፣ ከክፍለ ግዛቶቹ ደግሞ 94 በመቶው የተገኙት ተከሳሹ ራሱ «ጥፋተኛ ነኝ» ብሎ ነው። ነገሩ የሚያልቀው ወረቀት ላይ፣ በፊርማ ነው። እንግሊዝኛው ገና ያልገባው፣ ነገ ሥራ ካልገባ የሚባረር አንድ ወንድማችን «ፈርምና ዛሬ ቤትህ ግባ» ሲሉት ምን የሚያደርግ ይመስላችኋል?

ዜጋ ላልሆነ ሰው ፊርማዋ ከቤት ሳይሆን ከአገር ልታስወጣ ትችላለች። ሆሴ ፓዲላ በሆንዱራስ ተወልዶ በቬትናም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ጦር ያገለገለ፣ ከ40 ዓመት በላይ በሕጋዊ ነዋሪነት የኖረ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ኬንታኪ ላይ ማሪዋና ጭኖ ተያዘ። ጠበቃው ብዙ ዘመን ስለኖርክ የኢሚግሬሽን ነገር አያሳስብህ አለው፤ እሱም አምኖ ጥፋተኛ ነኝ አለ። ያ ቃል ለመባረር አጋለጠው። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2010 ተከላካይ ጠበቃ ይህን አደጋ ለደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት ተባለ። ጠበቃው ባይነግርስ? ተከሳሹ መጠየቅ እንዳለበት በምን ያውቃል?

ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ ምክንያት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶችን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ደስ ይላል። ወረቀት ግን ሲጠይቁት አይመልስም። የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ የፕሮቤሽን ሠራተኛ፣ የተጎጂዎች ረዳት፣ የ911 ስልክ ተቀባይ ሆኖ የሚቀመጥ ልጅ ያስፈልገናል። ነርሶቻችን በሆስፒታሉ ኮሪደር ለስንቱ እናትና አባት እንደደረሱ እናውቃለን። በፍርድ ቤቱ ኮሪደርስ ማን አለን?

አሁን ደግሞ የአጎቴን ወገን ልስማ፤ ጨርሶ አልተሳሳተምና። አሶሺየት ዲግሪ ጠበቃ አያደርግም፤ ለጠበቃነት በተለመደው መንገድ የአራት ዓመት ዲግሪ፣ ከዚያ የሦስት ዓመት የሕግ ትምህርት፣ ከዚያ ፈተና ይጠበቃል። ፖሊስ ለመሆንም በብዙ ቦታ ዛሬም ሁለተኛ ደረጃ መጨረስ በቂ ነው፤ ዲግሪ ቢኖርህም አካዳሚው አይቀርልህም። አብዛኞቹ የፌዴራል ሥራዎች ዜግነት ይጠይቃሉ። ዲግሪው ራሱም ዓይነት አለው፦ አንዱ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመሻገር የተዘጋጀ ነው፤ ሌላው በቀጥታ ለሥራ ነውና ስትሻገር ከፊሉ ክሬዲት ሜዳ ላይ ሊቀር ይችላል። ሳይጠይቅ የተመዘገበ ሰው ሁለት ዓመቱን ይከስራል።

ከዚህ የከበደ ጥያቄም አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሚኒያፖሊስ ላይ ጆርጅ ፍሎይድን የገደለው ፖሊስ ነው። ጥቁር ልጃችን እዚያ ቤት ምን ልትሠራ ትገባለች? ይህን ጠይቄያት ነበር። «እኛ ባንገባ ቤቱ አይዘጋም» ብላኝ ዝም አለች። ትምህርት ብቻውን ደግ ሰው እንደማያደርግ አውቃለሁ። ግን መልሷን የሚረታ መልስ እስካሁን አላገኘሁም።

ለነገሩ አሜሪካን አነሳሁ እንጂ እኛስ እዚህ? የተያዘ ሰው በሚገባው ቋንቋ ምክንያቱ ሊነገረው፣ ዝም የማለት መብት ሊኖረው፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ሊቀርብ እንደሚገባ ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 19 ላይ ጽፎታል። ስንቶቻችን ነን ከመያዛችን በፊት የምናውቀው? ሕግን ለሕግ ተማሪዎች ብቻ ትተነዋል።

ባለፈው ሳምንት አክስቴ ወደ ቨርጂኒያ ደወለች። የጎረቤታችን ልጅ ሜሪላንድ ላይ በጠብ ተከሶ የፍርድ ቤት ወረቀት ደርሶታል፤ እናቱ እንቅልፍ አጥታለች። «የኔ ልጅ ሕግ ታውቃለች፣ እሷን ልጠይቅልሽ» ብላት ነው። ያቺው «ወንጀል ልትማሪ ነው?» ያለችው አክስቴ!

የአክስቴ ልጅ የመለሰችው ይህን ብቻ ነው። «እማዬ፣ እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ጠበቃ ሳያናግር ምንም እንዳይፈርም ንገሪልኝ። የሚከፍለው ከሌለው እንዲያቆሙለት ይጠይቅ። አስተርጓሚ ይጠይቅ። ዜጋ አለመሆኑን ለጠበቃው አስቀድሞ ይንገር።»

አክስቴ አራቱንም በጣቷ እየቆጠረች ደገመቻቸው፤ ከዚያም ነጠላዋን አንስታ ወደ ጎረቤት ሄደች።

ቸር ያሰማን።