«አልኮል የለውም» ብለን ጥያቄውን አንዝጋ



ኒካሕ ላይ፣ ኢፍጣር ላይ፣ ከኳስ ጨዋታ በኋላ እጃችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ማልት ጠርሙስ ነው። የምንጠይቀውም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አልኮል አለው?» «የለውም» ከተባልን ከፍተን እንጠጣለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ሐላል የሆነ ሁሉ በፈለግነው መጠን ይጠቅመናል ማለት አይደለም። ሁለተኛ ጥያቄ ይቀረናል፦ «ስኳሩስ ስንት ነው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የገብስ ብቅል በሙቅ ውሃ ሲዘፈዘፍ ማልቶስ የሚባል ስኳር ይወጣዋል። ቢራ ሲጠመቅ እርሾው አብዛኛውን ስኳር ወደ አልኮል ይለውጠዋል። ሳይብላላ በሚዘጋጅ ማልት ውስጥ ግን ስኳሩ እዚያው ይቀራል። አንዳንዱ ላይ ተጨማሪ ስኳርም ይገባበታል። ማልቶስ ደግሞ ሁለት ግሉኮስ የተጣመሩበት ስለሆነ አንጀት ውስጥ ቶሎ ተለያይቶ ወደ ደም ይገባል።

ጤነኛ ሰው ሲጠጣው የደም ስኳሩ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ከፍ ይላል፤ ቆሽት ኢንሱሊን አመንጭቶ ይመልሰዋል። አንድ ጠርሙስ የስኳር በሽታ አያመጣም፤ ማንንም ማስፈራራት አንፈልግም። የሚያሳስበን ልማዱ ነው። ጣፋጭ መጠጥ ማዘውተር ክብደት ይጨምራል፣ ለዓይነት 2 የስኳር በሽታም ያጋልጣል።

ጠርሙሱን አዙረን እናንብብ። በ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም ስኳር ካለው፣ 330 ሚሊ ሊትሩ 33 ግራም ይይዛል፤ ስምንት የሻይ ማንኪያ ገደማ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ50 ግራም በታች፣ ቢቻል ከ25 በታች እንዲሆን ይመክራል። ለስላሳውንም፣ ስኳር የተጨመረበትን ጁስም በዚሁ ሚዛን እንመዝን።

«ማልት እኮ ቪታሚን አለው፣ ኃይል ይሰጣል» የሚሉን አሉ። ቪታሚን ቢኖረውም ስኳሩን አያጠፋውም፤ ኃይል የምንለውም በአብዛኛው ያው ስኳሩ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ቀኑን ሙሉ ባዶ በዋለ ሆድ ላይ ማልት አንክፈት። በተምርና በውሃ እናፍጥር፣ ምግብ እንብላ፤ ካማረን አንዱን ጠርሙስ ለሁለት እንካፈል። ኒካሕ የምናዘጋጅ ደግሞ ውሃውን ከማልቱ እኩል ጠረጴዛው ላይ እናስቀምጥ። እንግዳ ማክበር በጠርሙስ ብዛት አይለካም። ሰውነታችን አማና ነውና እንጠብቀው።