እንጀራችንን ሳይጠይቁ ምክር የለም



የስኳር በሽታ አለብሽ የተባለች እናት ከሐኪሙ ክፍል ወጥታ ወደ ምግብ አማካሪዋ፣ ወደ ዲየታኒት ትላካለች። የሚሰጣት ወረቀት ስለ ጥቁር ዳቦ፣ ስለ ኮቴጅ አይብና ስለ ሰላጣ ይናገራል። ስለ እንጀራና ስለ ሽሮ ግን አንድ ቃል የለበትም። እናቲቱ ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች፤ ማታ እንደ ወትሮዋ ትበላለች። ከዚያ በኋላ «ኢትዮጵያውያን ምክር አይሰሙም» ይባላል።

ያልተነገረ ምክር እንዴት ይሰማል?

በ1984 እና በ1991 በዘመቻዎቹ ወደ አገራችን ስንገባ የስኳር በሽታ በመካከላችን እምብዛም አልነበረም። ዛሬ ጥናቶች የሚያሳዩት ከሌላው ሕዝብ ይበልጥ እንደሚያጠቃን፣ ቀጭኑንም ሰው እንደሚይዝ ነው። አንዱ ትልቅ ምክንያት አኗኗራችን መለወጡ ነው። እርሻውና የእግር መንገዱ ቀረ፤ ለስላሳ መጠጥ በየቤቱ ገባ፤ ጤፍ ሲጠፋና ሲወደድ እንጀራው በነጭ የስንዴ ዱቄት ተጋገረ። ነጭ ዱቄት ፍሩሽካው የወጣለት ስለሆነ የደም ስኳርን ቶሎ ከፍ ያደርጋል።

ታዲያ «እንጀራው በምን ተጋገረ? በአንድ ጊዜ ስንት ይበላሉ?» ብሎ የማይጠይቅ ባለሙያ ምን ሊመክር ነው? «እንጀራ ተዉ» ማለትም ምክር አይደለም። የጤፍ እንጀራም ቢሆን በልክ መበላት አለበት፤ ልኩን ሊነግረን የሚችለው ግን ምግባችንን ያወቀ ሰው ነው። ምስራችን፣ ሽሮአችንና ጎመናችን በዚያ ወረቀት ላይ ከተጻፈው ምግብ አያንሱም።

የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን ለታካሚው ቋንቋና ባህል እንዲያመቻቹ አዟል። ወረቀት መተርጎም ብቻውን ይህን አይፈጽምም። ሐኪሞች፣ ነርሶችና የምግብ አማካሪዎች በትምህርታቸው ላይ ምግባችንንና ጾማችንን ይማሩ። ከአስተማሪዎቹም መካከል የሚጋግሩት እናቶቻችን ይኑሩበት። ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ አስተርጓሚ ማድረግም ይቅር።

እኛም ድርሻ አለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ወደ አማካሪዋ ስትሄዱ የምትጋግሩበትን ዱቄት ከነከረጢቱ ይዛችሁ ሂዱ። ለዮም ኪፑርም ሆነ ለስግድ ከመጾማችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ፤ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ሳይጠይቅ ቢጾም ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። መድኃኒትም በራሳችሁ ፈቃድ አታቁሙ።

አማካሪዋ ስለ እንጀራ ካልጠየቀቻችሁ፣ እናንተ ጠይቋት። መልሱን ሳትሰሙም ከወንበሩ አትነሱ።